ሻምበሉ ያላረዱት ዶሮ

ካርቱም ውስጥ ቡሪ በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ተከራይቼ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ግቢው አራት ክፍል፣ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ነበረው። በተጨማሪም ባለቤቱ ሌላ ክፍል ልሥራ ብሎ አስቆፍሮ የተወው ረጅም የመሠረት ጉድጓድ ነበረው። ክፍሎቹን መልሼ የማከራየው እኔ ስለነበርኩ የግቢው አለቃ እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። አለመሆኔን ያወቅኩት ጦርነት ሲመጣ ነው።

በአንደኛው ክፍል ሻምበሉ ይኖሩ ነበር። በደርግ ጊዜ ቦምብ ጣይ አብራሪ ነበሩ። ሥርዓቱ ሲወድቅ፣ ያን ሁሉ ዓመት በሰማይ ሲመላለሱ የኖሩት ሰውዬ ጠረፉን በእግራቸው፣ ያውም በአንድ እግር ጫማ ተሻገሩ። ሁለተኛውን ጫማ ጭቃ አስቀርቶባቸዋል። ካርቱም ሲደርሱ ደግሞ ሰው የሚፈልገው አብራሪ ሳይሆን ሙከይፍ ጠጋኝ ሆኖ አገኙት። ሙከይፍ እዚያ አገር በየመስኮቱና በየጣሪያው የሚሰቀል፣ በእርጥብ ገለባ ውስጥ አየር እየሳበ ቤት የሚያቀዘቅዝ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሞተር አለው፣ ማራገቢያ አለው፣ ይጮኻል። ሻምበሉ "ከአውሮፕላን የሚለየው አለመነሳቱ ብቻ ነው" ይሉ ነበር። አንዳንዱን ከጠገኑት በኋላ ግን ለመነሳት ምንም አይቀረውም ነበር።

ሻምበሉ ሳይፈትሹ የሚነኩት ነገር አልነበረም። ሪክሻ ልሳፈር ካሉ፣ ሪክሻ ማለት ያችው ባጃጅ ናት፣ መጀመሪያ በግራ በኩል ይዞሯታል። ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሯ ዘይት ይንጠባጠብ እንደሆነ ያያሉ፣ ከዚያ ነጂውን ሁሉ ደህና እንደሆነ "ተማም?" ብለው ይጠይቁታል። አንዱ ነጂ "ያ ሐጅ፣ ልትሳፈራት ነው ልትገዛት?" ብሏቸዋል። መሰላልማ አይነሳ። ከመውጣታቸው በፊት እያንዳንዱን እርከን በእጃቸው ይፈትሻሉ፤ ሥራው አልቆ ሊወርዱ ሲሉም ያንኑ ከላይ ወደ ታች ይደግሙታል። አንድ ቀን ካፉሪ ካለ አንድ ትልቅ ቤት "ሰውዬሽ ጣሪያ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው እንዴ?" ተብሎ ተደውሎልኛል።

በሁለተኛው ክፍል አደይ ነበረች። አደይ በእሷ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው፤ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። እኔም እንደ እናቴ አንቺ ነው የምላት። ትምህርት ቤት በር ላይ ተቀምጣ ተሳሊ፣ የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ፣ ትሸጥ ነበር። ጉልበቷ ያማታል፣ ምላሷ ግን ምንም አላመመውም።

አደይ ወደ ግቢያችን የገባች ዕለት ሻምበሉ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ወጥተው ተቀበሏት። ፍራሿን ሊሸከሙላት እጃቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ሞልተው፣ "የአየር ኃይል አብራሪ ነበርኩ፣ እናቴ" አሏት።

"ምን ነበር የምትጭነው? ሰው ነው ዕቃ?" አለቻቸው።

ሻምበሉ መዋሸት አያውቁበትም። "ቦምብ" አሉ።

"የት ወስደህ ነበር የምትጥለው?"

"ወደ ሰሜን" አሉ፤ ድምፃቸው አሁን ወርዷል።

አደይ ፍራሿን ከእጃቸው ነጥቃ ራሷ ተሸክማ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት አላናገረቻቸውም። የአደይ ከተማ ሰሜን ነው። በገበያ ቀን ነው ከአየር የተመታችው። አደይ ጨው እንዲገዛ የላከችው ልጅ ነበራት፤ አልተመለሰም። ይህን አንድ ጊዜ ነገረችኝ፣ ደግማ አላነሳችውም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ቧንቧ ይጋራሉ። የሚነጋገሩትም በእኔ በኩል ነው። ጎን ለጎን ቆመው አደይ "ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ባልዲው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው" ትለኛለች። ሻምበሉ ደግሞ "አመሰግናለሁ በያቸው" ይሉኛል። ሁለቱም ጆሯቸው ደህና ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን ዝም እል ነበር። አደይ "አልነገርሽውም እኮ!" ብላ ስትቆጣኝ ጊዜ ግን እየደገምኩ ማድረስ ጀመርኩ። ደሞዝ የሌለው ሥራ ነው።

በየጠዋቱ ሻምበሉ በሯ ላይ ይቆማሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው "እንደምን አደሩ፣ እናቴ?" ይላሉ። አደይ ወደ እኔ ዞራ "አንቺ እንዴት አደርሽ?" ትለኛለች። ሻምበሉ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፍተው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን አንድ የተቃጠለ ሞተር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ "ይቅር ይበሉኝ የምልበት አፍ የለኝም" አሉኝ። "ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ሰላምታዬን ቢቀበሉኝ ግን ሌላ አልፈልግም።" አንጀቴን በሉት። ያም ሆኖ አፌ አያርፍምና "ሻምበል፣ እኔንም ሰላም የምትለኝ እርስዎን ለማናደድ ነው" አልኳቸው።

በዶሮ ነገር ደግሞ ይብስ ነበር። በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ወንድ ሻምበሉ ብቻ ናቸው። አደይ ደግሞ የእሳቸው እጅ ያረደውን አትቀምስም። ስለዚህ በየፋሲካው ዋዜማ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ዶሮዋን ታቅፋ ሦስት መንገድ አቋርጣ አንድ ዲያቆን ቤት ወስዳ ታሳርዳለች። ሻምበሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቢላ እየሳሉ ያዩዋታል። ያ ቢላ በየዓመቱ ይሳላል፣ በየዓመቱ ምንም ሳይቆርጥ ወደ መሳቢያው ይመለሳል።

ጦርነቱ የጀመረው በቅዳም ስዑር ጠዋት ነው። እኔ፣ አደይና ሻምበሉ አክፍለናል። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ በአራተኛው ያሉት ሁለት የወሎ ልጃገረዶች፣ ካፉሪ ሰው ቤት እየሠሩ ለዓርብ ዕረፍታቸው የመጡት፣ ረመዳናቸው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ግቢው ውስጥ እህል የቀመሰ ዶሮው ብቻ ነበር። ዶሮውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ገበያ ስደርስ ቀዩም ገብስማውም አልቆ የቀረኝ አንድ ነጭ አውራ ዶሮ ነበር። አደይ ገና ስታየው "ይሄ ዶሮ ነው አንሶላ?" ብላኛለች።

ተኩሱ ሲጀምር ሁላችንም ወደ ግቢው ወጣን። ወዲያው ጣሪያውን ሊነቅል የደረሰ ድምፅ በላያችን አለፈ። ሻምበሉ ግማሽ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ግማሹ በሳሙና እንደተሸፈነ ብቅ ብለው ቀና አሉ። "ሚግ ነው" አሉ፤ የቆየ ጎረቤቱን በድምፁ እንደሚለይ ሰው ነበር ያሉት። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው ትእዛዝ ጀመሩ። "ሁሉም ሰው መካከለኛው ክፍል! ከመስኮት ራቁ! ጆሯችሁ እንዳይፈነዳ አፋችሁን ክፈቱ!"

አደይ ከመሠረት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። "ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ቤት መቃብር ነው። የሚያድነው ጉድጓድ ነው።"

"በያቸው፣ ይሄ የእኔ ሙያ ነው" አሉ ሻምበሉ።

"ንገሪው፣ የእኔም ሙያ ነው" አለች አደይ።

ጠያራው ዞሮ እየተመለሰ ነው። እኔ በበረንዳውና በጉድጓዱ መካከል እየተሯሯጥኩ መልእክት አደርሳለሁ። ሁለቱ የወሎ ልጆች የእኔን አፍ እያዩ አንዴ ወደ ቤት፣ አንዴ ወደ ጉድጓድ ይሮጣሉ። በመጨረሻ አንደኛዋ "ወላሂ፣ ከቦምቡ በፊት እናንተ ትገድሉናላችሁ!" ብላ ጮኸች። ያን ቀን ምንም ያልደረሰብን በማናቸውም ብልሃት አይደለም፤ የተጣለው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው።

ከሰዓት በኋላ አደይ ወደ ሥራ ገባች። የሚያበራ ነገር ሁሉ ከግቢው ይነሳ አለች። የእኔን ድስቶች፣ ትሪዬን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መስታወት፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ነጭ አንሶላ ሁሉ ሰብስባ በጆንያ ሸፈነች። ቀጥሎ ዓይኗ ዶሮው ላይ አረፈ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቃ፣ በዘይት ለውሳ፣ ያን ነጭ አውራ ዶሮ ከኩክኒው እስከ ጭራው ቀባችው። ዶሮው ክብሩ ተነክቶ ጥግ ላይ ቆመ።

ሻምበሉ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "በያቸው፣ ከአራት ሺህ ሜትር ላይ ዶሮ አይታይም።"

አደይ ቀና ሳትል "ንገሪው" አለች። "እሱ አላየም ይሆናል። ዶሮዎቹ ግን ሞተዋል።"

አደይ እጇን በአመድ እያሸች ጨመረች። "ደግሞ ያችን ሰዓቱን ያውልቃት በይው። ትብለጨለጫለች።" ሰዓቷ ከአየር ኃይል ዘመናቸው የቀረቻቸው ብቸኛ ንብረት ናት፤ ባለ ብረት ማሰሪያ፣ ትልቅ፣ ጸሐይ ላይ ዓይን የምታጥበረብር። ሻምበሉ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ደብቀው "ሰዓቴን ካወለቅኩ ሥራዬን መሥራት አልችልም በያቸው" አሉ። አላወለቋትም።

ያን ማታ ዶሮ አልታረደም። መንገዱ ተዘግቷል፣ ዲያቆኑ ቤት አይደረስም። ሻምበሉ ቢላቸውን ስለው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፣ አደይ ዶሮውን ታቅፋ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠች፣ እኔ መካከል ላይ ተቀመጥኩ። የሚላክ መልእክት አልነበረም። ትንሣኤን በምስር ዋልን። "አደይ፣ ኧረ ፋሲካ ነው" ስላት "ፋሲካ ሃምሳ ቀን ነው፣ ምን ያስቸኩልሻል?" አለችኝ።

በሁለተኛው ቀን ቧንቧው ደረቀ። ውኃ የሚገኘው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለ መስጊድ ጓሮ፣ ከጉድጓድ ነበር። የሻምበሉ ዘመን የመጣው ያኔ ነው። በረንዳ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ደብተር ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሰዓቷን እያዩ የሰማዩን ሥራ ይመዘግባሉ። "አሁን አርፏል" ይሉናል። "ነዳጅ ይሞላል። ቦምብ ይጭናል። አብራሪው ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ሰው ነው። ሃምሳ ደቂቃ አላችሁ። ያላ!" እኔና የወሎ ልጆች ጀሪካናችንን አንጠልጥለን እንሮጣለን። ጀሪካኑንም ከመውጣታችን በፊት ዙሪያውን ይፈትሹታል፤ ቀዳዳ ያለበት እንዳይሄድ። በአርባኛው ደቂቃ ተመልሰን ስንገባ፣ በሃምሳ አንደኛው ያ ድምፅ ይመጣል። አንዴ ሆነ፣ ሁለቴ ሆነ፣ አምስቴም ሆነ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁባቸው። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ሙከይፍ ሲጠግኑ ኖረው እንደገና አብራሪ ሆኑ። ጠባያቸው እንኳ ተለወጠ፤ ሲራመዱ መሬቱን ይረግጡታል። አደይ ግን ጠያራ ሲመጣም ባይመጣም ዶሮዋን ይዛ ጉድጓዷ ውስጥ ናት።

በአራተኛው ቀን፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ውኃ አለቀብን። የወሎ ልጆች ለፉጡራቸው፣ ለጾም መፍቻቸው፣ የሚጎነጩት እንኳ አልነበራቸውም። ሻምበሉ ደብተሩን አዩ፣ ሰዓቷን አዩ፣ ሰማዩን አዩ።

"አሁን ነው ጊዜው" አሉ። "አብራሪው ጾመኛ ነው። ምንም ቢሆን ተምሩን ሳይቀምስ አይነሳም። የትም አገር ቢሆን ሰው በዚህ ሰዓት ማዕድ ላይ ነው። ቆዩ፣ ምልክት እሰጣችኋለሁ።"

ግቢው መካከል ቆሙ። ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሱ። የማታዋ ፀሐይ ያችን ሰዓት አግኝታ ግድግዳው ላይ ብርሃን ትወረውራለች። እኛ በሩ ላይ ጀሪካን ይዘን የእጃቸውን መውረድ እንጠብቃለን።

እጃቸው ሳይወርድ ድምፁ መጣ።

ጀሪካኑን ጥለን ወደ ጉድጓዱ ዘለልን። እኔ አደይ ላይ ወደቅኩ፣ የወሎ ልጆች እኔ ላይ፣ ዶሮው የት እንደወደቀ እሱ ያውቃል። ቀና ስል ሻምበሉ እዚያው ቆመዋል፣ ክንዳቸው እንደተነሳ። ጀግንነት መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ጀግንነት አልነበረም። ከናፍራቸው ይንቀሳቀሳል። "ጣለ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

አደይ፣ ከመኝታዋ ለመነሳት ሁለት ሰው የሚያስፈልጋት አደይ፣ እኔን ገፍታ ከጉድጓዱ ወጣች። እንዴት እንደወጣች እስካሁን አላውቅም። እጅጌያቸውን ጨምድዳ ይዛ ጎተተቻቸው።

"አንተ! ሰዓትህን አውልቅ! ዝቅ በል!"

ንገሪው አላለችም። እኔ ግን ለስድስት ዓመት የለመደ አፌ አላስችል ብሎኝ "ሻምበል፣ ሰዓትዎን ያውልቁ፣ ዝቅ ይበሉ ትላለች!" ብዬ ጮህኩ። ተያይዘው ላያችን ላይ ወደቁ። ወዲያው መሬቱ ከሥራችን ተነስቶ ተመለሰ። የአጥሩ ጥግ ተናደ፣ ከጣሪያው ላይ የውኃው በርሚል ተንከባሎ ወረደ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አቧራ ብቻ ነበር።

አቧራው ሲሰክን አምስታችንም በሕይወት ነበርን። ዶሮው ስድስተኛ። ጥላሸቱን ሁላችንም ላይ አራግፎት የሻምበሉ ሸሚዝ ጠቁሯል፣ እሱ ራሱ ግን ነጣ ብሎ ተገኝቷል። አንደኛዋ የወሎ ልጅ መሳቅ ጀምራ ልቅሶ ሆነባት። አደይ የሻምበሉን እጅጌ አልለቀቀችም። ትከሻ ለትከሻ ተጠባብቀን ተቀምጠን ወደ እኔ ዞረች።

"ጠይቂው" አለችኝ።

"ምን ልበላቸው?"

"ከላይ ሆኖ ሰው ይታየው ነበር ወይ በይው።"

የባልዲ መልእክት አድርሻለሁ። የዶሮ መልእክት በቦምብ መካከል አድርሻለሁ። ይህን ግን አፌ እምቢ አለ። "አላደርስም" አልኳት። "እጅጌያቸውን ይዘሻል። ራስሽ ጠይቂያቸው።"

የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ እሳቸው መለሰች።

"ከላይ ሆነህ ሰው ይታይህ ነበር?"

ሻምበሉ "ቆርቆሮ ነበር የሚታየኝ፣ እናቴ" አሉ። "ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። የሚያበራውን ነበር የምፈልገው። ሰው አይታይም።"

"ድምፁስ?"

"አልሰማሁትም። ጥዬ፣ ዞሬ እሄድ ነበር። ዛሬ ገና ሰማሁት።"

አደይ "ይኸው ነው ድምፁ" አለች። እጅጌያቸውን ለቀቀች። ሻምበሉ ሰዓቷን ከክንዳቸው ፈተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። የወሎ ልጆች ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጡ በደረቅ ተምር ጾማቸውን ፈቱ፣ ለእያንዳንዳችንም አንድ አንድ ሰጡን።

በማግስቱ ጠዋት አደይ ከወትሮው ቀድማ ተነስታ፣ ሻሿን አስራ በሯ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ነገር ስለምወድ በመጋረጃዬ ሥር አያለሁ። የሰላምታው ሰዓት ደረሰ። ሻምበሉ የሉም። የሰላምታው ሰዓት አለፈ። ፈርቼ ወጣሁ። ያኔ ነው ከላይ የሚንኳኳ ነገር የሰማነው።

ሻምበሉ በካናቴራ፣ ያለ ሰዓት፣ የአደይ ክፍል ጣሪያ ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከዋል። አፈር በዕቃ እጣቢ ለውሰው፣ ቆርቆሮውን በመዳፋቸው ጭቃ እየቀቡት ነው። ግማሹን ጨርሰዋል። እንዲህ ሥራ ላይ ተጠምደው በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታቸውን ረስተዋል።

አደይ ጉሮሮዋን ጠረገች። አልሰሟትም።

"አንተ ሰውዬ!"

ሻምበሉ ደነገጡ። "አቤት፣ እናቴ?"

"ዛሬ እንደምን አደሩ የለም?"

ሻምበሉ ባርኔጣቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን አነሱ፤ ባርኔጣ አልነበረም፣ ጭቃውን ግንባራቸው ላይ ቀቡት። "እንደምን አደሩ፣ እናቴ?" አሉ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች አደይ። እኔ የምጠብቀው ይህን ብቻ ነበር፣ እሳቸውም እንደዚያው። እሷ ግን አልጨረሰችም። ዓይኗን በእጇ ከልላ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር መረመረች። "በቀኝ በኩል ጥጉን ትተኸዋል፣ ያበራል።"

ሻምበሉ ፈጥነው ጥጉን ቀቡት። አደይ ከበሯ ተነስታ፣ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች፣ ዶሮውን ከጉድጓዱ ዳር አንስታ ታቀፈችው።

"ስትወርድ እጅህን ታጠብ" አለቻቸው። "ይሄን ዶሮ ማን ሊያርድልኝ ነው?"

እኔ ሽንኩርት ልላጥ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ሽንኩርቱን ሳልነካው እንባዬ ወረደ። በመስኮት ሳይ ሻምበሉ መሰላሉን ሳይፈትሹ እየወረዱ ነበር።